ንፋሱ ቢያልቅ ተሳቢው ይቆማል ወይስ ይሮጣል?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አንድ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ቁልቁለት እየወረደ ነው እንበል። ከመኪናው ወደ ተሳቢው ንፋስ የሚያደርሰው የፍሬን ቱቦ ድንገት ተበጠሰ። ያ ሁሉ የታመቀ ንፋስ «ፉሽሽሽ» ብሎ ወጣ። ተሳቢው ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ይቆማል ወይስ ይሮጣል?

መልሳችሁን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት የጭነት መኪናዎች ጋራዥ ነው። አራት ተማሪዎች ነበርን። ቱታችንን ገና ግራሶ አልነካውም፣ ፈተና ያለፍንበት ኮርስ ግን ብዙ ነበር። ዋናውን መካኒክ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ ከቆመ ባዶ ተሳቢ ፊት አሰለፉንና ይህንኑ ጠየቁን። አራታችንም ባንድ አፍ «ይሮጣል!» አልን። የንፋስ ፍሬን አይደል? ንፋስ ከሌለ ፍሬን የለም፣ በቃ።

ጋሼ አልተከራከሩንም። ሞተሩ ተነስቶ የንፋስ ታንኮቹ እስኪሞሉ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ተሳቢው ከሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች ቀዩን ነቀሉት። ተሳቢው «ጧ!» አለ። ሹፌሩ ቀስ አድርጎ ወደፊት ሊጎትተው ሞከረ፣ የተሳቢው ጎማዎች ግን ንቅንቅ አላሉም። ተቆልፈዋል።

ስለዚህ መልሱ «ይቆማል» ነው። ግን ጋሼ በዚህ አላበቁም። «እንግዲህ ንፋስ ሲያልቅ የሚቆም ከሆነ፣ በየቁልቁለቱ ተሳቢ ፍሬን እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?» አሉን። አራታችንም ዝም።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው።

ተገልብጦ የተሠራ ፍሬን

መጀመሪያ ቀዩ ቱቦ ሲነቀል ተሳቢው ለምን እንደቆመ እንይ። ሐሳቡ የመጣው ከባቡር ነው። በድሮ ባቡሮች ላይ ፍሬን የሚይዙ ሠራተኞች ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየዘለሉ በእጅ ነበር የሚያጠብቁት። እ.ኤ.አ. በ1869 ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለ አሜሪካዊ በታመቀ ንፋስ የሚሠራ ፍሬን አመጣ። የመጀመሪያው ሥራው እኛ ተማሪዎቹ እንዳሰብነው ነበር፦ ንፋስ ሲላክ ፍሬኑ ይይዛል። ችግሩ ግን ግልጽ ነው፤ ቱቦው ከተበጠሰ የሚላክ ንፋስ የለም፣ ፉርጎዎቹም ፍሬን አልባ ይሆናሉ።

በ1872 ነገሩን ገለበጠው። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ የንፋስ ታንክ እንዲኖረው አደረገ፤ በባቡሩ ርዝመት የሚሄደው ቱቦ ደግሞ ሁልጊዜ በንፋስ እንደተሞላ ይቆያል። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ፣ በየፉርጎው ያለው ቫልቭ የፉርጎውን የራሱን ታንክ ከፍቶ ፍሬኑን ያስይዛል። ቱቦው ቢበጠስስ? ግፊቱ ይወርዳል፣ ባቡሩ ይቆማል። ብልሽቱ ራሱ «ቁም!» የሚል ትእዛዝ ሆነ ማለት ነው።

የዛሬው ተሳቢም በዚሁ መርህ ነው የሚሠራው። በአውሮፓ አሠራር ቀዩ ቱቦ ሁልጊዜ ንፋስ ያቀብላል፤ ቢጫው ደግሞ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ትእዛዙን ያደርሳል። አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ ዘመድ ካላችሁ የሱ ቱቦ ቀይና ሰማያዊ ነው፣ ሥራው ግን አንድ ነው። ቀዩ ሲበጠስ የተሳቢው ቫልቭ የራሱን ታንክ ይከፍታል። ብዙ ተሳቢዎች ከዚህ በተጨማሪ ኃይለኛ ሞላ አላቸው፤ ሞላው ፍሬኑን ለማስያዝ ሁልጊዜ ይገፋል፣ ንፋሱ ደግሞ ሞላውን አፍኖ ይይዘዋል። ንፋሱ ሲያልቅ ሞላው ነፃ ይወጣና ፍሬኑን ያስይዛል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ሞላ የሌለው ተሳቢ የሚቆመው በታንኩ ንፋስ ብቻ ነው። ከመኪናው ተፈትቶ ሌሊቱን ሲያድር ንፋሱ ቀስ በቀስ ያፈሳል፤ ንጋት ላይ የያዘው ነገር ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው ረዳቱ ተሳቢ በቆመ ቁጥር ከጎማው ሥር ታኮ የሚያደርገው። ታኮ ንፋስ አያፈስም።

ልብ በሉ፦ ቱቦ ድንገት ሲበጠስ የሚጠብቀን ዘዴ ንፋስ ቀስ ብሎ ሲያፈስ አልጠበቀንም። ይቺን ሐሳብ ያዟት። የጽሑፉ ዋና ነገር እሷ ናት።

ዘጠኝ በርሜል ውሃ የሚያፈላ ቁልቁለት

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ እንሂድ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በዚያ ውስጥ ከፍታው በ1,400 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ለስሌት እንዲመቸን መኪናው ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ይመዝን እንበል።

ከፍታ ላይ ያለ ነገር በከፍታው የተነሳ ጉልበት እንዳለው በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተምራችኋል፦ ክብደቱ በከፍታው ሲባዛ። 40,000 ኪሎ ግራም በ9.8 በ1,400 ሜትር ሲባዛ 550 ሚሊዮን ጁል አካባቢ ይመጣል። መኪናው ሲወርድ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ይህ ጉልበት በሙሉ የግድ ወደ ሌላ ነገር መለወጥ አለበት። አብዛኛው የሚለወጠው ወደ ሙቀት ነው።

ምን ያህል ሙቀት? በደጋው ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ እዚያ ለማድረስ ብንጠቀምበት ይህ ጉልበት ወደ 1,800 ሊትር ያፈላል። ዘጠኝ በርሜል! መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ጉዞው 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። በነዚያ 40 ደቂቃዎች ሙቀቱ የሚመረተው በ230 ኪሎዋት ፍጥነት ነው። ስልሳ ያህል የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደጣዱ ቁጠሩት።

ጥሩ ሹፌር ይህን ሙቀት ለፍሬኑ ብቻ አይተውም። ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል፣ የሞተር ፍሬኑን ይጠቀማል። ከፊሉን ደግሞ አየሩና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረው ግን ፍሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሹፌሩ በቀላል ማርሽ ከወረደ ደግሞ አብዛኛው። የፍሬኑ ታምቡር 300 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊግል ይችላል። ብረት ሲግል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፦ ይለጠጣል።

አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ክፍተት

የከባድ ተሳቢ ፍሬን በአብዛኛው እንዲህ ነው። ከጎማው ጋር የሚሽከረከር ታምቡር አለ። በታምቡሩ ውስጥ ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት የፍሬን ጫማዎች አሉ። ሹፌሩ ሲረግጥ ንፋስ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የጎማ ዲያፍራም ይገፋል። በ6 ባር ግፊት ይህ ከአንድ ቶን በላይ ክብደት የሚያህል ኃይል ነው። ዲያፍራሙ አንድ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ክንድ ያዞራል፣ ክንዱ ደግሞ ጫማዎቹን በልቅጦ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል።

ዋናው ጉዳይ ይህ ዘንግ የሚሄደው ርቀት ነው። በብዛት በሚሠራበት አንድ መጠን ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ የሚችለው 64 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከ51 ሚሊ ሜትር ካለፈ ፍሬኑ ላልቷል፣ መጥበቅ አለበት ይባላል። ወደ ጫፉ በተጠጋ ቁጥር ደግሞ ዲያፍራሙ የሚሰጠው ኃይል እየደከመ ይሄዳል።

አሁን ሙቀቱን እንጨምርበት። 42 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ታምቡር በ300 ዲግሪ ሲግል፣ ግድግዳው በየአቅጣጫው 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ከሸራው ይርቃል። 0.7 ሚሊ ሜትር ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ችግሩ ክንዱ ነው። ክንዱ በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይል የሚያስገኘው ርቀትን ከፍሎ ነው፤ በማንሻ ትምህርት እንዳያችሁት ማለት ነው። ሸራው 0.7 ሚሊ ሜትር እንዲጓዝ ዘንጉ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ መሄድ ይኖርበታል።

እንግዲህ ደምሩ። ፍሬኑ ሲበርድ ዘንጉ 55 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ግቢ ውስጥ ይይዛል፤ ማንም ምንም አይጠረጥርም። ቁልቁለቱ መሀል ሲግል 55 ላይ ቢያንስ 10 ሲደመር 65 ይሆናል። ያለው ግን 64 ነው! ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ ንፋሱ ሙሉ ነው፣ ቱቦው ደህና ነው፣ ዘንጉ ግን ከጫፉ ደርሷል። በዚህ ላይ የጋለው ሸራ ራሱ የሰበቃ አቅሙ ይወርዳል።

የጋሼ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ይኸው። ያ ሁሉ የዌስቲንግሃውስ ብልሃት የሚጠብቀው «ንፋስ አለቀ» የሚለውን አደጋ ነው። እዚህ ግን ንፋስ አላለቀም። ያለቀው ርቀት ነው።

ጋሼ ይህን በቃል አልነገሩንም። ማስመሪያና ጠመኔ ሰጡን። ጠዋት ቀዩ ቱቦ ሲነቀል ድርቅ ብሎ የቆመው ያው ተሳቢ ሥር ገባን፤ መጀመሪያ ግን ታኮ ተደረገ። ፍሬኑ ተለቆ እያለ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን። አንዳችን ረገጠ፣ ሌሎቻችን ምልክቱ ስንት እንደሄደ ለካን። ከስምንቱ ዘንጎች ሁለቱ ከ51 አልፈው ነበር። ያ ተሳቢ በማግስቱ ጭነት ይዞ ሊወጣ የተዘጋጀ ነበር። ግቢው ውስጥ የቆመው ባዶ ስለሆነ፣ ስለበረደና ሜዳ ላይ ስለሆነ እንጂ ጤነኛ ስለሆነ አልነበረም።

ዛሬ ዛሬ ራሳቸውን የሚያጠብቁ ክንዶች አሉ። ጥሩ ናቸው፤ ግን እነሱም ይበላሻሉ። ራሱን ማጥበቅ የነበረበት ክንድ ላልቶ ከተገኘ በእጅ አጥብቆ መሄድ ምልክቱን መደበቅ ነው፤ ለምን እንዳልሠራ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሌሎቹ ዝምተኞች

ተሳቢ ሞተር የለውም፤ ሲታመም ድምፁን የሚቀይርበት፣ መብራት የሚያበራበት ነገር የለም። ሹፌሩ ከፊት ተቀምጦ የሚሰማው በአብዛኛው የራሱን መኪና ነው። ስለዚህ ተሳቢ ላይ ቀስ ብሎ የሚበላሽ ነገር ሁሉ ሄዶ ካላዩት አይታወቅም። እስቲ ዋና ዋናዎቹን እንዙራቸው።

ጎማ። ከባድ ተሳቢ ላይ ጎማዎቹ ብዙ ጊዜ መንታ ናቸው። ከመንታው አንዱ ንፋሱ ቢወርድ ተሳቢው አይዘምም፤ ወንድሙ የሁለቱንም ሸክም ይሸከማል። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል ይዘረጋል፤ ይህ መታጠፍ ሙቀት ይፈጥራል። ሽቦ ደጋግማችሁ ብታጣጥፉ የሚታጠፍበት ቦታ እንደሚሞቀው ማለት ነው። ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ያላላውና አንድ ቀን «ዷ!» ይላል። ረዳቶች ጎማ በመዶሻ ሲመቱ አይታችሁ ይሆናል። ንፋስ ያለው ጎማ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ መዶሻውም ነጥሮ ይመለሳል፤ የሞተው «ዱብ» ብሎ ይቀራል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ፈጽሞ የወደቀውን እንጂ ትንሽ የጎደለውን አይለይም። ለዚያ የንፋስ መለኪያ ያስፈልጋል።

የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። 8 ባር የተሞላ ጎማ በጉዞ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ መለኪያው 9.5 ባር አካባቢ ያሳያል። «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ስህተት ነው፤ ሲበርድ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል። የጎማው ጥርስም ይለካል። በአሜሪካ ሕግ የከባድ መኪና የፊት ጎማ ጥርስ ከ3.2 ሚሊ ሜትር፣ የተሳቢ ደግሞ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

ዳዶ። ጎማውን የያዘው ብሎኑ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በእርግጥ ቸርኬውን የሚይዘው ሰበቃ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን በጥቂቱ ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠው ብሎን እንደ ሞላ ቸርኬውን ከኋላው ብረት ጋር ያጣብቀዋል። በመሀላቸው አቧራ፣ ዝገት ወይም ወፍራም ቀለም ካለ በጉዞ ይደቅቃል፣ ልጥጡ ይላላል፣ ሰበቃው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጎማው ብሎኖቹን እየመታ ይቆርጣቸዋል። ስለዚህ ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው። በብዙ ከባድ ተሳቢዎች የሚፈለገው 600 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው የአንድ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ እንደቆመ ያህል። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ብሎኑን ለዘለዓለም ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ሞላ ደግሞ አይስብም። ከዳዶው ሥር እንደ እንባ የወረደ የዝገት መስመር ካያችሁ ያ ዳዶ ሲንቀሳቀስ ከርሟል።

ኩሽኔታ። ጎማው የሚዞርበት ነው። ግራሶ ሲያልቅበት ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ጎማው እንዳለ ሊወጣ ይችላል። መንገድ ላይ በቆሙ ቁጥር የእጅን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሀል ማስጠጋት ነው፤ መንካት አይደለም፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ወይ ኩሽኔታው ታሟል ወይ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል። እዚህ ላይ ደግሞ የሚገርመው ተቃራኒው ነው፦ ቁልቁለት ወርዶ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ቀዝቃዛ ከሆነ ደስ አይበላችሁ። ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። የሱን ድርሻ ሌሎቹ ተሸክመውለታል።

ማያያዣ። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው አንድ ብረት ነው። ግማሽ ተሳቢ የሚባለው ረጅሙ ዓይነት የሚንጠለጠለው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው አንድ ፒን ላይ ነው። ፒኑ በልቷል ወይ? ስንጥቅ አለው? መቆለፊያው በትክክል ገብቷል ወይ? «ቀጭ» ሲል ሰምቻለሁ ማለት አይበቃም፤ በባትሪ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ የተሳቢው ፍሬን እንደተያዘ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መሳብ። ካልተላቀቀ ተያይዟል።

ጭነት። ውጭ አገር ያላችሁ ወላጆቻችሁ ዕቃ ለማጓጓዝ ከቤት መኪና ጋር ትንሽ ተሳቢ ሲያያይዙ አይታችሁ ይሆናል። በአሜሪካ የተለመደው ምክር ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከተጫነ ተሳቢው በፍጥነት ሲሄድ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ውዝዋዜው ራሱን እያሳደገ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ እግርን ከነዳጅ አንስቶ ቀስ ማለት እንጂ መሪ ማወራጨት አያድንም።

ውሃ። አየር ውስጥ ሁልጊዜ እንፋሎት አለ። አየሩ ታምቆ ሲበርድ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይጠራቀማል። ውሃው የንፋሱን ቦታ ይወስዳል፣ ታንኩንና ቫልቮቹን ያዝጋል። ከታንኩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ በየጊዜው መክፈት ነው መድኃኒቱ። ታንኩ ከሞላ በኋላም ሞተር አጥፍቶ ጆሮን መጣል ያስፈልጋል። በአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ፣ ባለተሳቢ መኪና ፍሬኑ ተረግጦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ4 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ0.28 ባር ገደማ በላይ ንፋስ መቀነስ የለበትም።

መብራት። የኋላ መብራትና ፍሬቻ በሹፌሩ ወንበር ሆኖ አይታይም፤ አንዱ ሲረግጥ ሌላው ከኋላ ሆኖ ያያል። ፍሬቻው በበራ ቁጥር የኋላ መብራቱ ከደበዘዘ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት የሻሲ ሽቦ ዝጓል ማለት ነው። በጨለማ መንገድ መሀል የቆመ፣ መብራትና አንጸባራቂ የሌለው ተሳቢ ከኋላ ለሚመጣው ሰው ግድግዳ ነው።

የሩብ ሰዓት ዙር

ይህን ሁሉ ማየት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ለለመደ ሰው ሩብ ሰዓት ገደማ። ምስጢሩ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ጀምሮ በአንድ አቅጣጫ መዞር ነው። ጋሼ ከማያያዣው ጀምረው፣ በግራ በኩል ወደ ኋላ ሄደው፣ በቀኝ በኩል ተመልሰው ማያያዣው ላይ ይጨርሱ ነበር። መሀል ላይ ሰው ቢያናግራቸው ካቋረጡበት ጎማ አይቀጥሉም፤ ከመጀመሪያው ነበር የሚጀምሩት። ያኔ «ምን አደከማቸው?» እል ነበር። በኋላ ገባኝ፦ ሰው የሚረሳው የማያውቀውን ሳይሆን «አይቼዋለሁ» ብሎ ያሰበውን ነው።

ሁሉም በየቀኑ አይደለም። ማያያዣ፣ ቱቦ፣ ጎማ፣ ዳዶና መብራት ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት በዓይን ይታያሉ። የፍሬኑ ዘንግ በየጊዜው ይለካል፣ በተለይ ትልቅ ቁልቁለት ያለበት ጉዞ ሲመጣ። የኩሽኔታ ግራሶና የሸራ ውፍረት ደግሞ አምራቹ ባስቀመጠው ኪሎ ሜትር ይታያል፤ ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

«እኛ ተሳቢ አንነዳ!»

ልክ ናችሁ። ግን አብዛኛው የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ጭነት የሚመላለሰው በጅቡቲ መንገድ ነው፤ ትምህርት ቤታችሁ ደጃፍ የሚያልፈውም ተሳቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንካችሁ።

አንደኛ፣ የቆመ ተሳቢ ጥላ አይደለም። ሥሩ መቀመጥም፣ በመኪናውና በተሳቢው መሀል ማለፍም አይገባም። ንፋሱ እያፈሰ እንደሆነ ከውጭ አታውቁም። በብስክሌት ሆኖ የሚሄድ ተሳቢ ጀርባ መያዝማ የባሰ ነው፤ ሹፌሩ ፈጽሞ አያያችሁም።

ሁለተኛ፣ መኪና ሲበላሽ ጎማው ሥር የሚደረገው ድንጋይ መኪናው ሲሄድ አስፋልት ላይ ይቀራል። ሌሊት የሚመጣው መኪና ደግሞ አያየውም። ድንጋዩን ያደረገ ሰው ያንሳው። ትራፊክ በሌለበት ትልቅ ሰው ይዛችሁ ካልሆነ ግን እናንተ መንገድ አትግቡ።

ሦስተኛ፣ አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም ወንድማችሁ ሹፌር ወይም ረዳት ከሆነ ሲመጣ ጠይቁት፦ «የተሳቢው ፍሬን ዘንግ መቼ ነው የተለካው?» በሉት። መጀመሪያ ይስቅ ይሆናል። ከሳቀ በኋላ ግን ያስብበታል።

መሐንዲሶች ሲበላሽ ወደ ደህንነት የሚወድቅ ነገር መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆነ። የሕንፃ አሳንሰርም እንደዚሁ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሞላ ፍሬኑን ያስይዘዋል። እነዚህ ዘዴዎች የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል። የተሠሩት ግን ድንገት ለሚመጣ ብልሽት ነው። በወር አንድ አንድ ሚሊ ሜትር እያለ የሚመጣውን አያውቁትም። እሱን የሚያውቀው ማስመሪያና ጠመኔ ይዞ ተሳቢው ሥር የሚገባ ሰው ነው።

እነዚያን ሁለት ዘንጎች ያን ቀን ከሰዓት አጠበቅናቸው፤ ለካን፣ 40 ሆኑ። ቱታዬ ላይ ያረፈው ግራሶ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀም።